የአምስተኛው ቤት ሰው

በሙያዬ የላም አዳቃይ ነኝ። በሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ ይደውልልኛል፤ እኔም ዕቃዬን አንግቤ፣ መንገዱ እስከሚያስኬደው ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ እደርሳለሁ። ለእያንዳንዷ ላም ካርድ አለኝ። ካርዱ ላይ የአባቷ ቁጥር፣ የእናቷ አባት ቁጥር፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ያለው ይጻፋል፤ ኮርማው ዞሮ ዞሮ የገዛ ልጁ ላይ እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ የትኛዋ ላም የየትኛዋ እህት እንደሆነች ብትጠይቁኝ ሳላቅማማ እነግራችኋለሁ። የራሴ ዘር ላይ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸውጄ ኖሬአለሁ።

አባቴ ደግሞ የሰው ዘር ይቆጥራል። ማንም አልሾመውም፤ ግን በአርዲቦ ዙሪያ ልጅ የሚድር ክርስቲያን ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ወንዱም ሴቷም ራሳቸውን አንድ ብለው በአባትም በእናትም ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ አንድ ሰው በሁለቱም በኩል ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻ የለም። አባቴ ይህን ቆጠራ የሚያካሂደው በባቄላ ነው። በርጩማ መሃል ላይ ያስቀምጥና ባቄላውን በሁለት ረድፍ እየደረደረ፣ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ስም እየጠራ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያዳምጠው። ጨርሶ ባቄላውን ወደ ኪሱ ሲመልስ እልልታው ይቀልጣል።

አባቴ የሌላውን ሰው ዘር ከመቁጠሩ በፊት ግን የራሱን ሳያሰማ አይለቅም። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ አንዳንዶቹ ባለቤቶች አሏቸው። ዋናው አምስተኛው ላይ ያለው ነው። እኔን አንድ ብላችሁ ብትጀምሩ፣ አምስተኛው ቤት ላይ አንድ የአምባሰል የጦር አዛዥ ይገኛል፤ እንደ አባቴ አባባል ከሆነ ጋሻው በብር የተለበጠ፣ ሲቆጣ ፈረሶች የሚሸሹት፣ በዘመቻ መንገድ ላይ ሐይቅ ዳር ሰፍሮ ሳለ ከአገሩ ሴት ወንድ ልጅ የወለደ ሰው ነው። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያጠናሁት ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ስጣላ «የማን ልጅ መሰልኩሽ» እል ነበር። አስተማሪዬን ሳይቀር አንድ ጊዜ ብያታለሁ፤ በጥፊ መለሰችልኝ።

እንግዲህ እጮኛዬ የመጣው ከዚያው ከአምባሰል ነው። ሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የተዋወቅነው የአከራዩ ላም ስትታመም ዕቃዬን ተሸክሞልኝ ነው፤ ተሸክሞ ደግሞ እስከ አስፓልቱ ድረስ ስለ ክፍልፋይ አወራኝ። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ያብዳል ወይ ይወደዳል። እኔ ወደድኩት። ሁለት ዓመት ከተዋወቅን በኋላ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አፈ ጉባኤያቸው የእጮኛዬ የአባቱ ታላቅ ወንድም፣ ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ድምፃቸው እንደ ደወል የሆነ ሰው ናቸው። እኔና እናቴ ጓዳ ከመጋረጃው ወዲያ ቆመን እንሰማለን። ወጉ ተደረሰ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ተባለ፤ አባቴም እንደ ደንቡ ትንሽ ተግደረደረ። በመጨረሻ «እስቲ ዘር ይቆጠር» አለና ከኪሱ ባቄላውን አወጣ። በዚህ ቀን ድምፁ ልዩ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ሲቆጥር እንዲያ የሚዝናና ሰው የራሱን ልጅ ሲቆጥር እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

የእኔን ረድፍ አንድ ሁለት ብሎ አምስተኛው ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆም አለ። ጺማሙ ሽማግሌ የእነሱን ረድፍ እንዲይዙ ጋበዛቸው። እሳቸውም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወጡ፤ አራት፣ አምስት አሉ፤ ስድስተኛዋን ባቄላ አስቀመጡና፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ያንኑ የጦር አዛዥ ስም ጠሩ።

አባቴ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ወንድሜ!» አለ። «የኛው ወገን ናችሁ እንዴ? ምነው እስከ ዛሬ ሳንተዋወቅ!» ሽማግሌውም ተነሱ። ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ «አጥንት አይደበቅም» እያለ የሽማግሌውን ክንድ ይዳብሳል። ሽማግሌውም «ገና ከበር ስገባ ደሜ ነግሮኛል» ይላሉ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሁለቱ ሰዎች ገና ተቃቅፈው ሳሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲያስ… ጋብቻው ቀረ ማለት ነው» አለ።

ያን ጊዜ ሁለቱም በርጩማውን አዩ። አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከእኔ ረድፍ አምስተኛዋን፣ ከእጮኛዬ ረድፍ ስድስተኛዋን ባቄላ አንስቶ፣ በሁለቱ ፈንታ አንዲት ባቄላ ብቻ መሃል ላይ አስቀመጠ። 

እጮኛዬ በማግሥቱ ወረቀት ይዞ መጣ። አስልቶታል። ከእኔ አራት ደረጃ፣ ከእሱ አምስት ደረጃ ወጥተን የምንገናኝ ከሆነ የጋራ ደማችን ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው። «ይሄ እኮ ከምንም አይቆጠርም» አለ፤ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ወረቀቱን ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ በትዕግሥት ካየው በኋላ «ሸጋ ጽሕፈት ነው ያለው» ብሎ መለሰልኝ። የነፍስ አባታችንም ጋ ሄድን፤ እሳቸውም ሰባት ቤት ሰባት ቤት ነው አሉን። ለላም ሦስት ትውልድ ከበቃ ለእኔ ሰባት የሆነበት ምክንያት ባይገባኝም፣ የላም ነገር በቤተ ክርስቲያን ማውራት አሳፈረኝና ዝም አልኩ።

ሆድ ባሰኝ። ለወትሮው ቶሎ የሚከፋኝ ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ ያን ሰሞን ግን ገበሬው ስለ ላሙ ሲያወራኝ ዓይኔ እንባ እየሞላ «እዘኚላት እንጂ ምን ያስለቅስሻል» እባል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የወደድኩት ሰው ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። መሃላችን የቆመው ደግሞ ገና አያቴ ሳይወለድ የሞተ አንድ ጦረኛ ነው። ከግቢያችን ጎን የምትኖረው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አብሽሪ» አለችኝ፤ «ወላሂ፣ በኛ ቢሆን ኒካው ታስሮ፣ ልጅ ተወልዶ፣ ልጁም ቁርኣን ጀምሮ ነበር። ሰባት ቤት! እናንተ እኮ የምትጋቡት ከደሴ ማዶ ሄዳችሁ ነው።» ትንሽ አሳቀችኝ። ከዚያ ደግሞ ቁም ነገር ጣል አደረገች። «ልጅት፣ አባትሽ እውነቱን አውቆ ይሁን እንጃ። አክስትሽን ጠይቂያት። ትልቅ ሰው ናት፤ እሷ ሳታውቅ የሞተ የለም።»

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ ከአርዲቦ በላይ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ክፍል ቤት ይኖራሉ። እዚያ ለመድረስ ባጃጁ ከቆመ በኋላ አንድ ሰዓት አቀበት ነው። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሥራ ፈትቶ ማውራት አይወዱምና ግማሹን ምስር ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ እየለቀምኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ተቃቅፈው ተሳሳሙ የሚለው ጋ ስደርስ እማሆይ ምስሩን ትተው ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፅ የላቸውም።

«ያ አዛዥ ለኛ ምናችንም አይደለም» አሉኝ።

«እንዴት ምናችንም አይደለም? አምስተኛው ቤት እኮ ነው፣ እማሆይ!»

«አምስተኛው ቤት ጫኝ ነው።»

ጫኝ ማለት የጭነት ከብት የሚጭን ሰው ነው። እማሆይ ከእናታቸው፣ እናታቸው ደግሞ ከአማቷ የሰማችውን እንዲህ ብለው አወሩኝ። ሰውዬው የመጣው ከበጌምድር ነው፤ መሬት አልነበረውም፤ በሬም አልነበረውም፤ በእጁ ያለው ሙያ ገመድ ማሰር ብቻ ነበር። ጦር ሲነሳ ተቀጠረና የአዛዡን ድንኳን በበቅሎ እየጫነ ተከተለ። ሐይቅ ዳር ሲደርሱ አንዲት የጭነት በቅሎ እግሯን ታመመች። «አንተ እዚህ ሆነህ አስታማት፤ ሲሻላት ተከተለን» ተብሎ ታዘዘ።

«በቅሎዋ በሳምንቷ ዳነች» አሉ እማሆይ። «እሱ ግን ውኃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ አይቶ ታመመ። እስከ ዛሬ አልተከተላቸውም።»

እኔም ሳቅኩ፤ ምስሩ ተበተነ፤ ተቆጡኝና ለቀምኩት። ከዚያ የቀረውን ዘር እየቆጠሩልኝ ወደ ታች ወረዱ። የጫኙ ልጅ በጣሊያን ጊዜ ጫካ ገብቶ አምስት ዓመት ኖረ፤ ሲመለስ ጥርሱ ሁሉ ረግፎ የገዛ ሚስቱ አላወቀችውም። የሱ ልጅ፣ አያቴ፣ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ሄደ፤ ይዞ የተመለሰው አንድ ካኪ ኮትና «ዋሪያ» የሚል፣ «አንተ!» እንደ ማለት ያለ የሶማሌ ቃል ነው፤ ሁላችንንም እስኪሞት ድረስ «ዋሪያ» እያለ ነበር የሚጠራን። አባቴ ራሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሁለት ዓመት ምሽግ ሲቆፍር ኖሯል። ከኛ ቤት ጄኔራል አልወጣም። ሁሉም ወይ ሂድ ሲባል የሄደ ነው፣ ወይ በቃኝ ብሎ የቀረ ነው። እኔም በቅርቡ ጦርነት ፍራሽ ተሸክሜ፣ እናቴን ይዤ፣ ደሴ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ስለዚህ ጭነት የያዘ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚያስብ ትንሽ ይገባኛል። ያን ጫኝ በአንድ ጊዜ ወደድኩት። ለሠላሳ ዓመት የብር ጋሻውን ከተረኩልኝ ሰው ይልቅ እሱ የሥጋ ዘመዴ መሰለኝ።

«ታዲያ አዛዡን ከየት አመጣው አባዬ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እማሆይ ምስሩን በሰፌድ አነፈሱ። «ያንን እሱን ጠይቂው» አሉ። «እናትሽን ሊያገባ የሄደ ጊዜ ነው። እኔ አብሬ አልነበርኩም።»

አባቴን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር ሽንኩርቱን ውኃ ሲያጠጣ ነው። ቦዩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እኔን አያየኝም። የሰማሁትን ስነግረው «እኅቴን እርጅና ይዟታል» አለ። ጫኝ ስለው አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለው። ቤት ገባና ሦስት ቀን አላናገረኝም። ምግቡን ይበላል፣ ዜናውን ያዳምጣል፣ እኔ ስገባ ግን ግድግዳውን ማየት ይጀምራል። እኔም የሱ ልጅ ነኝና አኮረፍኩ። እናቴ በሁለት አኩራፊዎች መሃል እየተመላለሰች ለአንዱ ጨው፣ ለአንዱ ውኃ ታቀብላለች፤ እሷን ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልጠየቅናትም። ሁለታችንም ከእሷ የምንደብቀው ነገር ስለነበር ነው።

በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ ሽንኩርቱ ጋ ጠራኝ። እናቴን ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር አለኝ። የእናቴ ወገኖች አምባሰል ውስጥ ስማቸው የተጠራ፣ ወንድሞቿም ፈረሰኞች ናቸው። ቆጠራ ሲጀመር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በሰላም ወጣ። ጫኙ ላይ ሊደርስ ሲል የትልቁን አጎቴን ዓይን አየ። አጎቴ በጦር እንደሚወጋ ሰው ነው የሚያየው። አባቴ አፉን ከፈተ፤ የጫኙ ጌታ ስም ወጣ።

«አስቤበት አይደለም፣ ልጄ» አለ። «ምላሴ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል? እነሱ አጨበጨቡ፤ እኔም ሳልወድ የአዛዥ ልጅ ሆንኩ። ቆይቶ ደግሞ ለመድኩት።»

«አባዬ፣ አሁን ልትመልሰው ትችላለህ እኮ።»

«አጎቶችሽ ፊት? እናትሽ ፊት? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ዋሽቼ እንዳኖርኳት ልንገራት?» አለ። «ያን ቀን ጫኝ ብል ኖሮ እኮ አንቺ አትኖሪም ነበር።»

«ዛሬ ጫኝ ካላልክ ደግሞ ልጆቼ አይኖሩም» አልኩት።

 ቦዩን ዘጋ። እኔም ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ፤ ሽማግሌ ሰው በገዛ ሽንኩርቱ መሃል አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ማየት ደስ አይልም። ወደ ቤት ስመለስ ለእጮኛዬ ደወልኩና ሽማግሌዎቹን ለእሑድ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ምን እንደሚላቸው ሲጠይቀኝ «ባቄላው በደንብ አልተቆጠረም በል» አልኩ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

እሑድ ዕለት ቤታችን ሞላ። ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። እማሆይም በበትራቸው ተደግፈው ወረዱ። የከፋው ግን የእናቴ ወንድሞች ከአምባሰል መምጣታቸው ነው፤ የእኅታቸው ልጅ ጋብቻ ለምን እንደተሰናከለ ሊያጣሩ። ትልቁ አጎቴ አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ዓይኑ ግን እንደዚያው ነው። ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔና እናቴ እንደ ልማዳችን ከመጋረጃው ወዲያ ቆምን። እጇን ያዝኳት፤ እጇ ላብ አልነበረውም፤ የኔ ነበር የራሰው።

አባቴ በርጩማውን አስመጣ። ባቄላውን ከኪሱ አንድ በአንድ ሲያወጣ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እኔን አንድ አለ። ራሱን ሁለት አለ። አያቴን ሦስት፣ ጥርሱ የረገፈውን ቅድመ አያቴን አራት አለ። አምስተኛዋን ባቄላ ያዘና እጁ አየር ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ነው የቆመው። ጺማሙ ሽማግሌ «አዎ፣ እሱ ጋ ነው የተገናኘነው» ብለው ሊያግዙት ሞከሩ። አጎቴ ዓይኑን ከባቄላው ላይ አልነቀለም። እኔ በልቤ አባዬ፣ አባዬ እያልኩ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ባይናገርም አልፈርድበትም ብዬ ወስኜ ነበር።

ባቄላዋን አስቀመጣት።

«አምስተኛው» አለ፤ «የበጌምድር ሰው ነው። ጫኝ ነበር። በቅሎ ጠባቂ ነበር። ጋሻ አልነበረውም። ጦሩ ሲሄድ እሱ ሐይቅ ቀረ። ስሙን ስደብቀው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ እጠራዋለሁ» ብሎ፣ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን አጭር ስም ጠራ። ከዚያ ወደ ጺማሙ ሽማግሌ ዞረ። «አዛዡ የናንተ ነው። በእጃችሁ ያቆይላችሁ። እኛ ከሱ ጋር የተገናኘነው ድንኳኑን ስንጭንለት ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ጺማቸውን ያዙና መሬት መሬቱን አዩ፤ ሲበዛ ለረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው አንድ ነገር ሊሉ ሲሞክሩ አብሯቸው የመጣው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። የእነሱስ ስድስተኛ እውነት አዛዡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ ሠርጌን ነበር የምፈልገው።

የፈነዳው ትልቁ አጎቴ ነው። በከዘራው መሬቱን መታ። «ሠላሳ አምስት ዓመት!» አለ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ስናከብርህ! ለልቅሶ ስትመጣ ቦታ ስንለቅልህ! እኅታችንን በውሸት ወሰድካት!» አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው። አንድም አልተከራከረም። እማሆይ ብቻ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እኔ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሃል እጄ ውስጥ የነበረው የእናቴ እጅ ወጣ። መጋረጃውን ገልጣ ወንዶቹ መሃል ገባች። እናቴ በወንዶች ሸንጎ ገብታ ስትናገር አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዋን አስተካክላ ከበርጩማው አጠገብ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አለችው አጎቴን። ተቀመጠ። «ማንም በውሸት አልወሰደኝም። በሠርጌ ማግሥት ከናንተ ዘንድ ወደዚህ ስንወርድ ጓዜን በቅሎ ላይ የጫነው እሱ ነው። ሚዜዎቹ ሊያግዙት ሲሉ እምቢ አላቸው። በአንድ ገመድ፣ ሦስት ዙር። ያን ሁሉ ቁልቁለት ስንወርድ ድስቴ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንኳኳም። የአዛዥ ልጅ እንዲህ መጫን ከየት ያውቃል? ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?» አለ አጎቴ።

«ምን ልበል? ደስ አለኝ» አለች እናቴ። «የጫነው ዕቃ የማይወድቅ ሰው ነው ያገባሁት። ይህን ሸክም ግን ራሱ እንዲያወርደው ጠበቅኩ።»

ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «አንተ ነህ እንጂ አዛዡን ተሸክመህ የደከምከው» አለችው። አባቴ ቀና ብሎ አያት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከእሷ የደበቀውን ሰው እሷ ከሠርጓ ማግሥት ጀምሮ ወዳው ኖራለች።